እንዶድና ባለቤቱ፤ ዶ/ር አክሊሉ ለማ ከአድዋ ወንዝ እስከ ኤሪ ሐይቅ

በቅርቡ ለዘመድ ለቅሶ ቆሰበር ሄጄ ሦስት ቀን ሰነበትኩ። በመንግሥት ደብዳቤና በመንገድ ዳር ሰሌዳ ላይ ከተማዋ እንጅባራ ትባላለች፤ የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን መቀመጫ ነች። የአውቶቡስ ረዳቱ፣ ሽማግሌውና ገበያተኛው ግን ቆሰበርን አልተዋትም። ብርዷ የታወቀ ነው። ጠዋት ከድንኳኑ ወጥቼ ፀሐይ ልሞቅ ወደ ጓሮ ስዞር፣ በጋብቻ አክስቴ የሚሆኑ አንዲት አሮጊት የለቅሶውን ነጠላና ጋቢ ሊያጥቡ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አጠገባቸው ያልተከፈተ የኦሞ ከረጢት አለ። እርሳቸው ግን በሙቀጫ የወቀጡትን እንዶድ በውኃ ዘፍዝፈው አረፋውን ያወጣሉ። ኦሞው እያለ ለምን እንደሚደክሙ ብጠይቃቸው፣ ኦሞ ሸማ እንደሚበላ፣ እንዶድ ግን ሸማን እንደሚያነጣና እንደማይጎዳ አስረዱኝ። ጠያቂው የከተማ ሰው ስለሆነ ይመስላል፣ ሳይሰለቹ ነው ያስረዱኝ።

አጠገባችን አንድ ወጣት ዘመዳችን ቆሟል። ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ያጠናል። ዶ/ር አክሊሉ ለማን ያውቃቸው እንደሆነ ጠየቅሁት። ጥቂት አሰበና በደርግ የተገደሉት ጠቅላይ ሚኒስትር መሆናቸውን ነገረኝ። ልጁን አልወቀስኩትም። በዚያ ዘመን ስመ ጥር አክሊሉዎች ሦስት ነበሩ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ አክሊሉ ሀብተወልድ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የነበሩት ዶ/ር አክሊሉ ሀብቴና በዚያው ዩኒቨርሲቲ ቀንድ አውጣ ሲቆጥሩ የሚውሉት ዶ/ር አክሊሉ ለማ። የመጀመሪያው በታሪክ መጽሐፍ፣ ሁለተኛው በትምህርት ሰዎች ዘንድ ይታወሳሉ። ሦስተኛው ግን በእንዶድ አረፋ ውስጥ ቀርተዋል። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ የዚያ ልጅ መልስ ነው።

አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1935 በምሥራቅ ኢትዮጵያ ተወለዱ (ከዚህ በኋላ ካልገለጽኩ በስተቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የትውልዳቸው ብሩህ ተማሪዎች እንደሆኑት ሁሉ ወደ አሜሪካ ተልከው ተምረው፣ በ1964 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ይዘው ተመለሱ። ሃያ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። ያኔ የተማረ ሰው የሚመለስበት ዘመን ነው፤ ዩኒቨርሲቲውም በአዲስ መልክ ከተቋቋመ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር። ወጣቱ ዶክተር የተሰማሩበት ሥራ ብዙ የሚያስመካ አልነበረም፤ ከወንዝ ወንዝ እየዞሩ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ማጥናት ነው።

ቢልሃርዚያን አንባቢ ያውቀዋል፤ ቢሆንም ኋላ ለሚመጣው ነገር ስለሚያስፈልግ አካሄዱን በአጭሩ ልንገር። በሽታው በደም ሥር ውስጥ የሚኖር ትል ነው። የትሉ እንቁላል ከሰው ዓይነ ምድር ወይም ሽንት ጋር ወጥቶ ውኃ ሲያገኝ ይፈለፈላል። የተፈለፈለው ነገር ግን በቀጥታ ሰው ውስጥ መግባት አይችልም፤ መጀመሪያ አንድ ዓይነት የንጹሕ ውኃ ቀንድ አውጣ ማግኘት አለበት። በቀንድ አውጣው ሥጋ ውስጥ ተራብቶ በሺህ ሆኖ ይወጣል፤ ከዚያም ሊዋኝ፣ ልብስ ሊያጥብ ወይም ውኃ ሊቀዳ የገባን ሰው ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። በዚያን ጊዜ ግምት በዓለም ላይ ከ200 ሚሊዮን በላይ ሰው ይዞት ነበር። ገዳይነቱ ቀስ ብሎ ነው፤ ሕፃኑን ከትምህርት፣ ገበሬውን ከእርሻ ያስቀረዋል። የመስኖ ግድብ በተሠራ ቁጥር ደግሞ ይስፋፋል። ስለዚህ ሰንሰለቱን ለመቁረጥ ሦስት መንገድ አለ፤ ሰውን ማከም፣ ሰውንና ውኃን ማራራቅ፣ አለዚያም ቀንድ አውጣውን መግደል። በ1960ዎቹ የነበሩት መድኃኒቶች ከበሽታው የማይተናነስ ጣጣ ነበራቸው። ቀንድ አውጣ ገዳዩ ኬሚካልም ነበር፤ ዋጋው ግን ለድሃ አገር የሚሞከር አልነበረም።

በዚያው በ1964 ዶ/ር አክሊሉ ለዚህ ሥራ አድዋ ወረዱ። በወንዙ ዳር ሴቶች ሸማ ያጥባሉ። አጣቢዎቹ ካሉበት ከፍ ብሎ ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሕያው ናቸው፤ ከእነርሱ ዝቅ ብሎ፣ አረፋው በሚወርድበት በኩል፣ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፈው አዩ። በዚያ ወንዝ ስንት ሰው ተሻግሯል፤ ስንት የውጭ ባለሙያስ ናሙና ወስዷል! ሰውዬው ግን ቆሙ። ሕያው ቀንድ አውጣዎች በዕቃ ሰብስበው ከሴቶቹ አንዷን ከአረፋው ጨመር እንድታደርግላቸው ለመኑ። ቀንድ አውጣዎቹ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። አዲስ አበባ በላቦራቶሪ የተደረገው ሁሉ ያንን የወንዝ ዳር ሙከራ በልኬት መድገም ነበር ማለት ይቻላል።

እንዶድ ማለት እኛ አጥር ላይ ሲጠመጠም የምናየው ሐረግ መሰል ቁጥቋጦ ነው። ፍሬው በዘለላ ያፈራል። አጣቢ የሚፈልገው ሳይቀላ በአረንጓዴነቱ የተለቀመውንና የደረቀውን ነው፤ ከቀላ በኋላ ድርሻው የወፎች ነው። አረፋውን የሚሰጠው ሳፖኒን የሚባለው ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ቀንድ አውጣውንም የሚገድለው እርሱው ነው። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በካሊፎርኒያ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ከፍሬው የተለየው ገዳይ ቅመም በዶክተሩ ስም ለማቶክሲን ተባለ። በኬሚስትሪ መዝገብ ስማቸው የገባላቸው ኢትዮጵያውያን ብዙ አይደሉም።

እዚህ ላይ ወደ ቆሰበር ልመለስ። የከተማዋ ስም ለእኔ ጆሮ ምንጊዜም የኮሶ በር ይመስለኛል። ኮሶም እንደ እንዶድ የደጋ ልጅ ነው፤ አባቶቻችን በየሁለት ወሩ እየጠጡ የትል ጣጣቸውን ሲያቃልሉበት ኖረዋል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ቁስጥንጥንያ ይሠራ የነበረ ብራየር የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም አበባውን ለአውሮፓ አስተዋወቀ። ሊቃውንቱም ዛፉን በሐኪሙ ስም ሰየሙት። ከዚያ በፊት ጀምስ ብሩስ በአንድ እንግሊዛዊ ሊቅ ስም ሰይሞት ነበር። ዛሬ በሳይንስ የሚጠራበት ስም ደግሞ ሃገን ከሚባል ጀርመናዊ የመጣ ነው። ሦስት ስም፣ ሦስት ፈረንጅ። ጠጪው ማን እንደነበረ የሚነግረን ሐበሻ ከሚለው ቃል የመጣው ቅጽል ብቻ ነው። የአክሊሉ ለማ ታሪክ ከዚህ የሚለየው፣ ያየውም የጻፈውም የአገሩ ልጅ በመሆኑ ነው።

በእርግጥም ጻፉ። የመጀመሪያው ዘገባቸው በ1965 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ወጣ። የሕግ ሰው ስለሆንኩ ይህች ነጥብ ታሳስበኛለች። አንድ ግኝት ከመመዝገቡ በፊት በጽሑፍ ከወጣ፣ በብዙ አገር ሕግ አዲስነቱን ያጣል፤ ፓተንት አይሰጥበትም። ዶክተሩ ግን ቢፈልጉ እንኳ በአገራቸው የሚመዘገቡበት ቦታ አልነበረም። ኢትዮጵያ የፓተንት አዋጅ ያወጣችው በ1987 ዓ.ም. ነው፤ አዋጅ ቁጥር 123። ከአድዋው ጠዋት ሠላሳ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ወጣቱ ሳይንቲስት በዚያ ዕድሜያቸው ስለ ፓተንት ማሰባቸውንም እጠራጠራለሁ። እውቀት የሁሉ ነው ተብለው የተማሩ ሰው ናቸው። ያገኙትን በመጽሔት አወጡ፤ ናሙናውንም ለጠየቀ ሁሉ ላኩ። ኋላ እንደተናገሩት፣ መረጃና ናሙና የሰጡት አንድ የእንግሊዝ ተቋም እርሳቸው ሳያውቁ ገዳዩን ቅመም ለማውጣት በሚያስችለው ዘዴ ላይ ፓተንት ጠየቀ። ፍሬው የእኛ ሆኖ ማውጫ ዘዴው የሌላ ሆነ። ይህ ነገር እስከ ዕለተ ሞታቸው አብሯቸው የኖረ ቁስል ይመስለኛል።

በ1966 በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረቱ፤ ለአሥር ዓመትም መሩት። ትልቁ ሥራቸው ግን ያው አድዋ ነው። ከ1969 እስከ 1974 በከተማዋ ጅረቶች ላይ እየተመላለሱ የተፈጨ እንዶድ ጨመሩ። ሙከራው ከመጀመሩ በፊትና ካበቃ በኋላ ሕዝቡ ተመረመረ። በበሽታው ተይዞ የተገኘው ሰው ከመቶ 63 የነበረው ወደ 33 ወረደ። ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ ደግሞ ከመቶ 50 ወደ 7 ዝቅ አለ። የሕፃናቱ ቁጥር ከጠቅላላው ይበልጥ ይናገራል። አዋቂው ትሉን ከድሮ ጀምሮ ተሸክሞት ሊሆን ይችላል፤ ሕፃኑ ካልተያዘ ግን አዲስ መተላለፍ ቆሟል ማለት ነው። ይህን ያደረገው ከባሕር ማዶ የመጣ ኬሚካል ሳይሆን፣ ባላገር ከአጥሩ የሚለቅመው ፍሬ ነው።

በዚህ ውጤት ዓለም የሚነሳ ይመስላል፤ አልተነሳም። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎችና የውጭ ገንዘብ ሰጪዎች የሰጡት መልስ በአጭሩ መርዝነቱ ገና በበቂ አልተጠናም የሚል ነበር። ሙከራው በታወቀ ላቦራቶሪ፣ በታወቀው ደንብ መሠረት እንዲደገም ተጠየቀ። እዚህ ላይ ፍርዴን ልስጥ። ጥያቄው ከንቱ አልነበረም። ወንዝ ውስጥ የሚጨመር ነገር ለከብቱ፣ ለሰው፣ ለዓሣው ምን እንደሚያደርግ መታወቅ አለበት። እንዶድ ለዓሣ አደገኛ መሆኑም እውነት ነው፤ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ፈርሶ ቢጠፋም በዚያች ቀን ዓሣ ይገድላል። በጣና አካባቢ አንዳንድ አጥማጆች የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ወደ ወንዝ እየጨመሩ ዓሣ ሲያደነዝዙ ያየ ሰው፣ የተፈጥሮ ነው ማለት ጉዳት የለውም ማለት እንዳልሆነ አይስተውም። የጣና ባርበስ ዓሣዎች፣ አሥራ አምስት ያህል ዝርያ ሆነው በአንድ ሐይቅ ውስጥ መገኘታቸው የዓለምን ተመራማሪ የሳበ፣ እንቁላላቸውን ሊጥሉ በክረምት ወደ ገባር ወንዞቹ ሲወጡ ነው በብርብራና በመረብ የሚያልቁት። ስለዚህ ጠያቂዎቹ ይጠይቁ።

የሚያሳዝነው ሌላ ነው። ጥያቄው ተጠይቆ ገንዘቡ አልተሰጠም፤ የአዲስ አበባው ላቦራቶሪ ያወጣው ውጤት ደግሞ እንደ ውጤት አልተቆጠረም። በዚያው ጊዜ ከውጭ የሚገዛው ኒክሎሳማይድም ዓሣ ይገድላል፤ እርሱ ግን ወረቀቱ የተሟላ ነበርና ተፈቀደ። ዶክተሩ ከብዙ ዓመት ክርክር በኋላ የደረሱበት መደምደሚያ መራራ ነበር። ችግሩ ከእንዶድ ሳይሆን ምርምሩ ከተሠራበት ቦታና ከሠሪዎቹ ማንነት የመጣ መሆኑን አመኑ፤ ይህንንም በአደባባይ ተናገሩ። አንዳንድ ባልደረቦቻቸው አበዙት ይሉ ነበር። እኔ አበዙት አልልም።

የአድዋው ጥናት ባበቃበት ዓመት አብዮቱ ፈነዳ። በ1976 ዶ/ር አክሊሉ አገር ለቀው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትን ተቀላቀሉ፤ በሳይንስና ቴክኖሎጂ ሥራ ላይ ቆይተው፣ በመጨረሻ ፍሎረንስ በሚገኘው የዩኒሴፍ የሕፃናት ልማት ማዕከል ምክትል ዳይሬክተር ሆኑ። በመውጣታቸው የሚፈርድባቸው አለ። የዚያን ዘመን አዲስ አበባ ያየ ሰው ግን በቀላሉ አይፈርድም። እንዶዱ ያለ እርሳቸው አልቆመም። እዚሁ የቀሩት የግብርና ሳይንቲስት ዶ/ር ለገሠ ወልደዮሐንስ ከአገሪቱ ልዩ ልዩ ደጋዎች በመቶ የሚቆጠሩ የእንዶድ ናሙናዎች ሰብስበው፣ እየተከሉና እያነጻጸሩ፣ ብዙ የሚያፈራውንና ኃይሉ የበረታውን ዓይነት መረጡ፤ ዓይነት 44 የሚባለው ነው። የዚህ ሥራ ትዕግሥት አይነገርም። ሐረጉ ወንዴና ሴቴው የተለያየ ነው፤ ከዘር ያበቀሉት ወንድ ሆኖ ቢገኝ አያፈራም፤ ተባይም አለው። አንዱ በውጭ ይከራከራል፤ ሌላው በእርሻ ላይ ጎንበስ ብሎ ይቆጥራል። ስለ አክሊሉ የሚጻፈው ሁሉ ለገሠን በአንድ መስመር ማለፉ ልክ አይመስለኝም፤ እኔም ከዚህ የበለጠ አልሰጠኋቸውም።

በ1989 ሁለቱ ስቶክሆልም ላይ ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን፣ ብዙዎች አማራጭ ኖቤል የሚሉትን ሽልማት ተቀበሉ። በዚያው ዓመት ከተሸለሙት መካከል የአገር ዘር በገበሬው ማሳ ላይ እንዲጠበቅ ያደረጉት ዶ/ር መላኩ ወረደም ነበሩ። በአንድ ዓመት ሦስት ኢትዮጵያውያን ሳይንቲስቶች፣ ሦስቱም በአገር በቀል ተክል ሥራቸው! በዚያን ወቅት አገር ቤት ጦርነት ላይ ስለነበረች በቅጡ የሰማም ያጨበጨበም ብዙ አልነበረም። ሽልማቱ ግን በር ከፈተ። የካናዳ ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ገንዘብ ሰጥቶ፣ ለሃያ ዓመት ሲጠየቅ የነበረው የመርዝነት ምርመራ በካርልተን ዩኒቨርሲቲ መርዝ አጥኚ ዶ/ር ጆን ላምበርት መሪነት በደንቡ መሠረት ተሠራ። በውጤቱም እንዶድ ለሰውና ለከብት ያን ያህል አስጊ እንዳልሆነ፣ ዓይንን ግን ክፉኛ እንደሚቆጣ ታወቀ። የአድዋ ሴቶችም ይህንኑ ያውቁ ነበር።

አሁን ወደ ሐይቁ ልግባ። በ1988 በአሜሪካና በካናዳ ድንበር ላይ ባለው የሴንት ክሌር ሐይቅ አንዲት ጥፍር የምታህል፣ ባለ ሁለት ቅርፊት፣ የሜዳ አህያ የመሰለ መስመር ያላት ፍጥረት ተገኘች። ዜብራ መስል ይሏታል። የትውልድ አገሯ የጥቁር ባሕርና የካስፒያን አካባቢ ሲሆን፣ ውቅያኖሱን የተሻገረችው መርከቦች ሚዛን ለመጠበቅ በሆዳቸው በሚይዙት ውኃ ውስጥ ሆና ነው። ጠላት በሌለበት አገር ተራባች። በቧንቧ ውስጥ እየተደራረበች ትጣበቃለች፤ በ1989 መጨረሻ ሞንሮ የምትባለውን የሚቺጋን ከተማ ውኃ ለሁለት ቀን ያህል አቋርጣለች። የኃይል ማመንጫዎች፣ የዓሣ እርባታዎች፣ የመርከብ ባለቤቶች ሁሉ ተጨነቁ። እኛ እምቦጭን ያወቅነው በ2004 ዓ.ም. ጣና ላይ ሲታይ ነው፤ ስለዚህ የባዕድ ፍጥረት ወረራ ምን እንደሚመስል የባሕር ዳርና የደንቢያ ሰው ሳይነገረው ይገባዋል።

በ1990 በኤሪ ሐይቅ ጫፍ ላይ ያለው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ለዶ/ር አክሊሉ የክብር ዶክትሬት ሊሰጥ ጋበዛቸው። እንግዳው ለክብሩ አመስግነው መመለስ ይችሉ ነበር። እዚያ ስለ መስሏ ሲወራ ሰሙ፤ ቀንድ አውጣን የሚገድል መስልንስ ለምን አይገድልም ብለው ጠየቁ፤ ሁለቱ በዘር የተዛመዱ ናቸውና። ከባዮሎጂው ፕሮፌሰር ሃሮልድ ሊ ጋር ሆነው ሞከሩት። እንዶዱ መስሏን ገደለ፤ አነስ ባለ መጠን ሲሰጥም ሳይገድላት ከቧንቧው ጋር እንዳትጣበቅ አደረጋት። ሁለተኛው ውጤት ከመጀመሪያው ይበልጣል ባይ ነኝ፤ ሐይቁን ሳይመርዙ ቧንቧውን ማዳን ይቻላል ማለት ነውና። ያ የአድዋ አረፋ እንዲህ አድርጎ የዓለምን ትልቁን የንጹሕ ውኃ ሐይቆች ክምችት ሊያገለግል ተጠራ።

በጥቅምት 1993 የአሜሪካ መንግሥት ፓተንት ሰጠ፤ ቁጥሩ 5,252,330 ነው። የፈጠራው ባለቤቶች ተብለው የተጻፉት ሃሮልድ ሊ፣ አክሊሉ ለማና ሃሪየት ቤኔት ሲሆኑ፣ መብቱ የተላለፈው ለዩኒቨርሲቲው ነው። ይህ ሲሰማ የባሕል እውቀት ተቆርቋሪዎች ተነሱ። ጉዳዩ እስከ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሥነ ሕይወት ዝርፊያ ምሳሌ ሆኖ ይጠቀሳል። እኛ ጋም አሜሪካኖች እንዶድን ሰረቁን ሲባል ደጋግሜ ሰምቻለሁ።

ሕግ የተማረ ሰው እዚህ ላይ ቢጨቀጭቅ ይቅርታ ይደረግለት። ፓተንቱ እንዶድን የማንም አላደረገውም፤ የመዘገበው በእንዶድ ጭማቂ ዜብራ መስልን የመቆጣጠር ዘዴን ነው። የአሜሪካ ፓተንት ከአሜሪካ ድንበር አያልፍም፤ የቆሰበሯ አክስቴ ጋቢያቸውን ለማጠብ ከቶሌዶ ፈቃድ አላስፈለጋቸውም። ከፈልሳፊዎቹ አንዱም ራሳቸው አክሊሉ ናቸው። እንግዲህ ስርቆት የሚለው ቃል በቀጥታ አይገጥምም።

ነገር ግን ሌላ የሚገጥም ነገር አለ። በዚያን ጊዜ በነበረው የአሜሪካ ሕግ፣ አንድ እውቀት በውጭ አገር በሥራ ላይ መዋሉ ብቻ አዲስነትን አያፈርስም ነበር፤ በጽሑፍ ታትሞ ወይም ፓተንት ተሰጥቶበት መገኘት አለበት። ማለትም የአሜሪካ ሴቶች አንድን ነገር ለዘመናት ሲሠሩበት ቢኖሩ ይቆጠራል፤ የአድዋ ሴቶች ለዘመናት ሲሠሩበት ቢኖሩ አይቆጠርም። ይህ አድልዎ የተነሳው በ2011 ወጥቶ በ2013 ሥራ ላይ በዋለው ሕግ ነው። ሁለተኛው የዕድል ነገር ነው። ተክሉ የመጣበት አገር የጥቅም ተካፋይ ይሁን የሚለው የብዝሃ ሕይወት ስምምነት በ1992 ሪዮ ላይ ተፈርሞ የጸናው በታኅሣሥ 1993 መጨረሻ ነው፤ ፓተንቱ ሁለት ወር ከግማሽ ቀደመው። ቢዘገይም ኖሮ ብዙ ባልረዳ፤ አሜሪካ ስምምነቱን ፈረመች እንጂ እስከ ዛሬ አላጸደቀችውም። ስለዚህ ኢትዮጵያ ልትጠይቅበት የምትችልበት አንድም አንቀጽ አልነበረም። ዶክተሩ ራሳቸው ከዚህ ነገር አገራቸው ተጠቃሚ እንድትሆን፣ ገበሬው እንዶድ ተክሎ ለሐይቆቹ የሚሸጥበት መንገድ እንዲከፈት ይፈልጉ ነበር። ስማቸው በወረቀቱ ላይ ነበር፤ ቁልፉ ግን በሌላ እጅ ነበር።

በመጨረሻም ማንም አልከበረበትም። በአሜሪካ አዲስ ነገር ሐይቅ ውስጥ ለመጨመር የሚጠየቀው የምዝገባ ወጪ ከባድ ነው፤ ክሎሪን ደግሞ ርካሽና የተለመደ ነው። እንዶዱ በገበያ የተዘረጋ ምርት ሳይሆን ቀረ። የፓተንቱም ዘመን ካበቃ ቆይቷል።

ለእኛ ያተረፈልን ትምህርት ሳይሆን ሕግ ነው። በ1998 ዓ.ም. የወጣው የጄኔቲክ ሀብትና የኅብረተሰብ ዕውቀት አዋጅ ቁጥር 482፣ የአገሪቱን የጄኔቲክ ሀብት ወይም የማኅበረሰብ እውቀት የሚወስድ ሁሉ አስቀድሞ ፈቃድ እንዲጠይቅና ጥቅም እንዲያካፍል ያዛል። አዋጁ ጥሩ ነው። ከመውጣቱ በፊት በ2005 ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር የተፈረመው የጤፍ ውል ግን የሚያስቅም የሚያስለቅስም ሆኖ አልፏል። ውሉ ተፈረመ፣ ኩባንያው በ2009 ከሰረ፣ በጤፍ ዱቄት ላይ የያዘው ፓተንት ወደ ሌላ ድርጅት ዞረ፤ በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት የፈጠራ ደረጃ የለውም ብሎ የሻረው ከሳሽ ሆነን ቀርበን ሳይሆን፣ ሁለት የኔዘርላንድ ነጋዴዎች እርስ በርሳቸው ሲካሰሱ ነው።

ዶ/ር አክሊሉ ለማ በሚያዝያ 1997 በስልሳ አንድ ዓመታቸው አረፉ። የመሠረቱት ተቋም በስማቸው ተሰይሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ይሠራል። የቢልሃርዚያ ነገር ከእርሳቸው ዘመን ተለውጧል። በ1980 ገደማ የወጣው ፕራዚኳንቴል በአንድ ጊዜ የሚዋጥ፣ ብዙ የማይጎዳ መድኃኒት ሆኖ ዓለም ቀንድ አውጣውን ረሳው። ሕፃኑ ክኒኑን ውጦ እንደገና እዚያው ውኃ ሲገባ ግን እንደገና ይያዛል። ይህን ለመረዳት ጊዜ ወስዷል። በ2012 የዓለም ጤና ጉባኤ ቀንድ አውጣውን መቆጣጠርም እንዲታሰብበት ወሰነ፤ በ2017 ደግሞ ድርጅቱ ገዳዩ በሜዳ እንዴት እንደሚረጭ መመሪያ አወጣ። የሚመከረው ያው ኒክሎሳማይድ ነው።

በቆሰበር የሦስተኛው ቀን ከሰዓት ያ ወጣት ዘመዴ ዘንገና ሐይቅን ሊያሳየኝ ወሰደኝ። ከከተማው ወጣ ብሎ ከአዲስ አበባው መንገድ ብዙ ሳይርቅ፣ በዛፍ በተከበበ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ጸጥ ብሎ የተኛ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ነው። በመንገዳችን ስለ ዶክተሩ ያወቅሁትን ነገርኩት። ከሰማ በኋላ የጠየቀኝ ስለ ሽልማቱም ስለ ፓተንቱም አልነበረም። ወንዴውን ተክል ከሴቴው ሳያብብ እንዴት እንደሚለዩት ነው። መልሱን አላውቀውም፤ አክስቴን እንዲጠይቅ መከርኩት።

ማግስቱን ስንሰነባበት አሮጊቷ አንድ ፌስታል ደረቅ እንዶድ አስያዙኝ። ስወቅጠው ዱቄቱ እንደሚያስነጥስና ዓይኔን እንድጠብቅ አደራ አሉኝ።